ተዉአቸው፣ ይከራከሩ

በፈረንጆቹ 2024፣ የመስቀል ሰሞን እሑድ ነው። የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ፣ እኛ ቤት ቡና ተፈልቷል። ሦስት የኮሌጅ ተማሪዎች አሉ። ልጄ ነርሲንግ ትማራለች፣ ሁለተኛ ዓመት ናት። የእህቴ ልጅ አትላንታ ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማራል፤ ለበዓሉ ነው የመጣው። ሦስተኛዋ የልጄ የዶርም ጓደኛ ናት፣ ሜሪላንድ ያደገች የሐበሻ ልጅ። ሶፋው ላይ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ተቀምጠዋል። ቤቱ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው።

አቦሉ እየተቀዳ የእህቴ ልጅ፣ "እኔ ትራምፕን ነው የምመርጠው" አለ።

ልጄ ስኒዋን አስቀመጠች። "የምርህን ነው?"

ጋሼ ፈጠን ብለው፣ "ተዉ እንጂ! ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው። ቡናችሁን ጠጡ" አሉ።

እኔም "አዎ፣ ተዉት" ልል ነበር። ይህን ቃል ለስንት ዓመት ስለው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን የልጄን ፊት አየሁና ዋጥኩት። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ ይከራከሩ" አልኩ። ጋሼ አልተቀየሙኝም። ግን ስኒያቸውን ይዘው ዝም አሉ።

የእህቴ ልጅ የጀመረው ከኑሮ ነው። "እናቴ ለአስቤዛ ድሮ ስንት ታወጣ እንደነበር፣ አሁን ስንት እንደምታወጣ አውቃለሁ። አብሬያት ነው የምገዛው" አለ። እውነቱን ነው። በ2022 ሰኔ ላይ የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በአርባ ዓመት ያልታየ ነው። ንረቱ በኋላ ቢበርድም ዋጋው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ልጄ፣ "ከኮቪድ በኋላ እኮ ዓለም ሁሉ ነው የተወደደው" አለችው። እሱም አልተዋጠለትም።

እሷ የገባችው በሌላ በር ነው። መስከረም 10 ሃሪስና ትራምፕ ፊላደልፊያ ላይ ሲከራከሩ ትራምፕ ስለ ስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ የተናገሩትን አነሳች። ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ ብለው ነበር፤ ነገሩ ስለ ሐይቲ ሰዎች ሲወራ የሰነበተ ነው። የከተማዋ ባለሥልጣናት ለዚህ ምንም የሚታመን ማስረጃ የለም ብለዋል። "ክፍሌ ውስጥ የሐይቲ ልጆች አሉ። ነገ ደግሞ ስለኛ ምን ሊባል ነው? እኛስ በዲቪ አይደል የመጣነው? በ2017 ዲቪ ይቅር ያለው ማን ነው?" አለች። የእህቴ ልጅ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ "እሱ ስህተት ነው። ግን ኪራይ በጥሩ ንግግር አይከፈልም" አለ።

ቀጥላ ያልጠበቅነውን ተናገረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ለሃምሳ ዓመት ገደማ የቆየውን ፅንስ የማቋረጥ መብት ከሻረ ወዲህ ጉዳዩ የየስቴቱ ሆኗል። "አንተ በምትማርበት ጆርጂያ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ክልክል ነው። እኔ ነርስ ልሆን ነው። ታካሚዬ ደም እየፈሰሳት ሐኪሙ ሕግ ፈርቶ ሲያመነታ እኔ ምን አደርጋለሁ?"

ጋሼ አቀረቀሩ። ይህ ነገር የሐበሻ ቡና ላይ አይነሳም። እኔም ፊቴ ጋለ። ግን ልጄ አልባለገችም። ስለ ሙያዋ ነው የጠየቀችው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይህ መሆኑን የሰማሁት በዚያ ሰዓት ነው። ተዉት ብዬ ቢሆን ኖሮ መቼም አልሰማውም ነበር።

ጓደኛዋ ደግሞ ለማንም አልመርጥም ባይ ናት። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ስለ ጋዛ ድንኳን ተክለው ነበር፤ ዋሽንግተን ላይ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተተከለውን ግንቦት 8 ፖሊስ ማለዳ ገብቶ አፍርሶታል። "ሁለቱም ጦር መሣሪያ መላካቸውን አያቆሙም። ለየትኛው ነው ድምፄን የምሰጠው? ደግሞ እኔ የሜሪላንድ ነኝ። ሜሪላንድ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው" አለች።

ጋሼ እስከዚህ ችለው ነበር። ቶናው ላይ አልቻሉም። "እነዚህ ዴሞክራቶች ከአጎዋ አስወጥተውናል! ረሳችሁት?" አሉ።

የጋሼ ቁጭት የብዙዎቻችን ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የባይደን አስተዳደር ለማዕቀብ መንገድ የሚከፍት ትእዛዝ አወጣ። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያን ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው ከአጎዋ አስወጣ። ሐዋሳ ላይ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች እንጀራቸው ተነካ። በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የቆሙት በባይደን አስተዳደር ላይ በነበራቸው ቁጭት ነው። እኔም አንዷ ነበርኩ። እዚያው ዋሽንግተን ላይ ግን በሌላኛው ሰልፍ፣ ማዕቀቡ ይጣል የሚሉ የትግራይ ተወላጆች ነበሩ። እነሱም የሚያለቅሱላቸው ወገኖች ነበሯቸው። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ልጄ ጋሼን በአክብሮት ነው የጠየቀቻቸው። "ጋሼ፣ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያለውስ ማን ነው?" ትራምፕ ይህን ያሉት በጥቅምት 2020፣ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ ጋዜጠኞች ፊት ነው።

"ብሏል" አሉ ጋሼ። ትንሽ ቆዩና፣ "ብሏል። እሱንም አልረሳሁትም" አሉ።

ከዚያ በኋላ እሳቸውም ገቡበት። በረካ ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳም አላለቀም።

አሁን ስለ ዝምታው ልናገር። ጋሼ የቀይ ሽብር ዘመን ልጅ ናቸው። አብረዋቸው የተማሩ ልጆች ጠዋት ከቤት ወጥተው አልተመለሱም። እኔ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ይህችኑ ልጄን አርግዤ። ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የፓርቲዎቹን ክርክር በቴሌቪዥን ስናይ እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የማን የትምህርት ፖሊሲ ምን ይላል፣ የማን የመሬት ፖሊሲ ምን ይላል፣ በሁለት ዓምድ። ያን ደብተር ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ነበር። ግንቦት 7 ጨለማ ሳይገፍ ተሰልፈን መረጥን። ከምርጫው በኋላ በሰኔና በጥቅምት በተነሳው ግርግር 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ መዝግቦታል። ወንድሜን በሰኔ ወሰዱት። ሲመለስ ፀጉሩ ተላጭቷል። ደብተሩን እናቴ ምድጃ ውስጥ ከታዋለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ፊት ፖለቲካ ተነስቶ አያውቅም።

ስለዚህ ኮረንቲ ስንል ዝም ብለን አይደለም። የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ አይተናል። ለጋሼም፣ ለእናቴም፣ ለእኔም ዝምታው መትረፊያ ነበር። ግን ልጆቻችን ያንን ገመድ አልነኩም። የሚነኩት ሌላ ነው። በዚህ አገር የ18 ዓመት ልጅ የሚመርጠው ሌሎች ወጣቶች ታግለው ስላስገኙለት ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የ18 ዓመቱን ልጅ ለውትድርና ይወስደዋል፤ በአብዛኛው ቦታ ግን 21 ሳይሞላው መምረጥ አይችልም። ለመዋጋት ከደረስን ለመምረጥም ደርሰናል አሉ። 26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1971 ኮንግረስ ባሳለፈው በመቶ ቀን ውስጥ በስቴቶቹ ጸደቀ። የቴክሳሱ ፕሬሪ ቪው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ በሚማሩበት ካውንቲ አንመዘግባችሁም ተብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ሆነ፤ በ1979 ለተማሪዎቹ ተፈረደ። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ መብት ቤታችን ገብቶ ቡና ላይ ዝም ሲባል ያሳዝነኛል።

አንዳንድ የኮሚዩኒቲ መሪዎች፣ የሐበሻ ድምፅ መከፋፈል የለበትም ይላሉ። አንድ ላይ ካልቆምን ማንም አይሰማንም ነው ነገሩ። ሐሳቡን አልንቀውም፤ በ2021 ሠርቷል። ግን ያኔ ሰው በልቡ የተነሳበት ጉዳይ ነበረ። ዛሬ በቴሌግራም ግሩፕ "እገሌን ምረጡ" ተብሎ ስለተላለፈ፣ አባት ስላዘዘ፣ ልጅ የምር ይመርጣል ብላችሁ ነው? ድምፅ መስጫው ውስጥ ብቻዋን ነው የምትቆመው። የጋሼ ጉዳይ አጎዋና ግድቡ ነው። የልጄ ጉዳይ ታካሚዋና የትምህርት ብድሯ ነው፤ ባይደን ዕዳ ሊሰርዝ ያወጣውን ዕቅድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ውድቅ ሲያደርገው አይታለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለመስማማት መጀመሪያ መደማመጥ አለባቸው፤ ለመደማመጥ ደግሞ አንድ ሰው ይነጋገሩ ማለት አለበት።

ለልጆቹም የምለው ነበረኝ፣ ያኔውኑ ብያቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ ለአንዱ ነገር ማስረጃ ብሎ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ የቲክቶክ ቪዲዮ አሳየን። ልጄም በሌላ ቪዲዮ መለሰች። "ቪዲዮ በቪዲዮ አይሆንም" አልኳቸው። ላፕቶፕ አመጣንና ንግግሩን ሙሉውን አነበብን። የሁለቱም ቁርጥራጭ ከመሀል የተቀነጨበ ነበር። ዝምታው ረዘመ፤ ግን ጥሩ ዝምታ ነበር።

ያቺን አልመርጥም ያለችውን ልጅ ግን ልቤ እንዲሁ ሊተዋት አልቻለም። ሕመሟ እውነት ነው። ለፕሬዝዳንት አልመርጥም ማለትም መብቷ ነው። ምንም ለውጥ የለውም ማለቷን ግን አልቀበልም። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ የምትባል ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ አለች። በ2017 ለስቴቱ ምክር ቤት ሁለት ዕጩዎች ተወዳደሩ፣ ሼሊ ሲመንድስና ዴቪድ ያንሲ። ድምፁ ሲቆጠር እያንዳንዳቸው 11,608 አገኙ። እኩል። በጥር 2018 ስማቸው በሁለት ወረቀት ተጽፎ፣ የፎቶ ፊልም በሚቀመጥበት ትንሽ ዕቃ ተከቶ፣ ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዕጣ ወጣ። ያንሲ አሸነፈ። የእሱ ፓርቲም ምክር ቤቱን 51 ለ 49 ያዘ። አንድ ተማሪ፣ አንዲት ተማሪ ብቻ ያን ቀን ከዶርሟ ወጥታ ቢሆን ያ ሳህን ባላስፈለገ ነበር። ይህን ስነግራት አፏን ይዛ ሰማችኝ።

ሜሪላንድም ቢሆን ያን ዓመት ለሴኔት አንጄላ ኦልሶብሩክስና የቀድሞው አገረ ገዥ ላሪ ሆጋን ይፎካከሩ ነበር። ልጄ የተጨነቀችበት የፅንስ ጉዳይ ራሱ ወደ ስቴቱ ሕገ መንግሥት ይግባ አይግባ ተብሎ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። ልጅቷ በስልኳ ፈልጋ የድምፅ መስጫውን ናሙና ወረቀት አገኘችው። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። በመጨረሻ መርጣለች፤ ለፕሬዝዳንት የሚለውን ባዶ ትታ ሌላውን ሁሉ ሞላች። አስባ ያደረገችው ስለሆነ አከበርኩላት።

የእህቴ ልጅ የመረጠው ጆርጂያ ተመዝግቦ ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው እዚያ ነው። በ2020 ጆርጂያ አምስት ሚሊዮን ገደማ ሰው መርጦ ልዩነቱ 11,779 ድምፅ ነበር። ልጄ፣ "እዚያማ አትመዝገብ፣ የኔን ያጠፋብኛል" እያለች ሳቀችበት። እሷና እኔ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቀድሞ ድምፅ መስጠት ሲቻል፣ አብረን ሄድን። የመጀመሪያዋ ነው። ክቧን በብዕር ስታጠቁር ምላሷን በከንፈሯ ይዛ ነበር፣ አንደኛ ክፍል ሆና ፊደል ስትጽፍ እንደምታደርገው። እኔ ጨርሼ ጠበቅኋት። ቆየች። በሥራ ላይ ሳሉ ለሞቱ ወታደሮች የትዳር አጋሮች የቤት ግብር ስለማንሳት የሚለውን ማሻሻያ ሁለቴ እያነበበች ነበር።

ትራምፕ አሸነፉ፤ ከየስቴቱ በሚሰበሰበው የወኪል መራጮች ድምፅ 312 ለ 226። በማግስቱ ጠዋት የእህቴ ልጅ ደወለላት። ልጄ ስልኩን ማንሳት አልፈለገችም፤ ኋላ አነሳችው። ከማዶ የሰማሁት፣ "ደህና ነሽ?" የሚለውን ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ አወሩ።

በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ ሁሉም ተመልሰው መጡ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ቀረበ። ትንሹ ልጄ፣ በ2028 18 የሚሞላው፣ ባለፈው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሰማው፤ አሁን ወንበር ስቦ መሀል ገባ። ማንም ነገሩን ሳያነሳው ጋሼ ወደ እህቴ ልጅ ዞሩ።

"እስቲ ንገረኝ" አሉት፣ "ይህ የታሪፍ ነገር እንዴት ነው? የመኪና ዕቃ ሊወደድብን ነው አሉ። አንተ መርጠኸው የለ?"

ልጄ ስኒ ልታቀርብ ተነስታ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች።