ይድረስ ለክቡር ባጃጅ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ክቡር ባጃጅ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጡሩንባዎስ ደህና ነው? እኛ ድምፅ ቀራጮቹ እርስዎን ጥርት አድርገን እየቀዳን ደህና ነን። የማይሰማው ቃለ መጠይቅ የምናደርግለት እንግዳ ብቻ ነው።

ትልቁን ውለታ የዋለልዎ በመቅረጫው ላይ ያለው አውቶ ሌቭል፣ የድምፁን መጠን በራሱ የሚያስተካክለው፣ ነበር። አዛውንቱ የምድር ባቡርን ዘመን ሲያወጉ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ካሉ፣ እሱ «ድምፅ ጠፋ» ብሎ ሌቭሉን ወደ ላይ ይጎትታል፤ በዚያች ክፍተት እርስዎ ድድድ እያሉ ይገባሉ። አጥፍተነዋል፣ ይቅርታ። አሁን ሌቭሉን በእጅ እናስተካክላለን፤ ንግግሩ ጠንከር ሲል ከ−12 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ብዙ እንዳያልፍ፤ ጣሪያው ዜሮ ነው። ዝቅ ያለውንም ድምፅ በጥራት በሚይዘው በ24 ቢት ስለምንቀዳ በኋላ ከፍ ማድረግ አይከብድም። ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን እንደ ነበረ አይመለስም።

በመቅረጫው አናት ላይ ያሉት ሁለቱ ማይኮች ለእርስዎ ሠርግና ምላሽ ናቸው፤ ግራ ቀኙን ሁሉ ይሰበስባሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ መድረክ ላይ ያለውን ሹር ኤስኤም58 የተባለ የእጅ ማይክ ከአፍ 10 ሳንቲ ሜትር አስጠግተን፣ ጀርባውን ወደ እርስዎ አዙረናል። አይቀየሙ፤ ከኋላው የሚመጣውን ብዙም አይሰማም። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዲቢ ገደማ ያድጋል፣ እርስዎ ግን እዚያው ነዎት። የዚህ ማይክ ጉድለቱ ብዙ ጌይን (መቅረጫው ድምፁን የሚያጎላበት ኃይል) መፈለጉ ነው፤ ርካሽ መቅረጫ ላይ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ያመጣል። የደረት ማይክ የሚመርጥ ደግሞ መሰኪያውን ይቁጠር፦ የስልኩ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፣ የመቅረጫው ሁለት። ያለ መቀየሪያ ሲሰኩት ብዙ ጊዜ ወይ ዝም ይላል ወይ ይደክማል።

ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠው ሎው ከት 80 ኸርዝ ላይ ሲሆን የሞተርዎን ጉርምርምታ ይቀንሳል። ጡሩንባዎ ግን ከሰው ድምፅ ጋር ጎረቤት ነው፤ እሱን ስንነቅል ሰውየውም አብሮ ይነቀላል። መስኮት እንዝጋ ብንል የድሬ ሙቀት ቬንቲሌተር ያስከፍታል፤ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ልንጽፍ ነው።

ዘፈንዎ ግን፣ አቦ! ከጀርባው ዘፈን ያለበትን ንግግር መቁረጥ መከራ ነው። አንዲት «እእእ» ባወጣን ቁጥር ዘፈኑ ይዘላል፣ አድማጭም መቀሱን ይሰማል።

ከተማው በርጫ ሲቀመጥ እርስዎም ቀነስ ስለሚሉ ቀጠሯችንን ወደዚያ ሰዓት አዙረናል። ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ ለመቁረጫው ስፌት የሚሆን 30 ሰከንድ የክፍሉን ዝምታ እንቀዳለን። በዚያች 30 ሰከንድ በር ላይ ከቆሙ፣ ሞተሩን ባያጠፉም እንኳ እባክዎ ነዳጅ አይስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
ድምፅ ቀራጮቹ