ማስተካከያ፦ ስለ ኦሜፕራዞል የጻፍኩት ስህተት ነበረው

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ባለፈው ስለ ጨጓራ መድኃኒት ስጽፍ "ኦሜፕራዞልን በልታችሁ ሲያቃጥላችሁ ውሰዱት፣ መዋጥ ያቃተው ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን ያኝክ" ብዬ ነበር፣ ሁለቱም ስህተት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበብኩት፣ ሳቢያን ያለች ፋርማሲስትም ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት በውሃ ይዋጣል፣ ማለት ፉሉ ሳይቀርብ። አሲድ ሚያመነጩት የጨጓራ ፓምፖች ሚነቁት ስንበላ ስለሆነ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ መጠበቅ አለበት። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ደሞ እያንዳንዳቸው ሽፋን አላቸው፣ ሽፋኑ መድኃኒቱን ከራሱ ከጨጓራው አሲድ ነው ሚከላከልለት፣ ካኘካችሁት አንጀት ሳይደርስ ይበላሻል። መዋጥ ያቃተው ፋርማሲስት ይጠይቅ።

ወዲያው ሚያስታግስም አይደለም፣ በደንብ እስኪሰራ ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጃል።

እኔን ሰምታችሁ ከምግብ በኋላ ስትወስዱ የነበራችሁ አትደንግጡ፣ አቅሙ ነው ሚቀንሰው፣ ከነገ ጠዋት አስተካክሉት። "አልሰራልኝም" ብላችሁ በራሳችሁ መጠን የጨመራችሁ ካላችሁ ግን ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩት። የድሮውን አጥፍቼዋለሁ፣ ሼር ያደረጋችሁት ይሄንንም ሼር አድርጉልኝ፣ ይቅርታ።