የዘር ነጋዴውና ልጓሙ

ክርክሩ የተነሣው አሰላ ከተማ ውስጥ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ሲሆን ምክንያቱም ንፍሮ ነበር። ሠልስቱ አልፎ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ ጎረቤት ለወግ ያህል የሚያመሽበት ቀን ስለነበር ወሬው ከሟች ወደ ዝናብ፣ ከዝናብ ወደ እህል ዋጋ ዞሯል። አጠገቤ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ከሳህኑ አንዲት የስንዴ ፍሬ አንሥተው በአምፖሉ ብርሃን አገላብጠው አዩና «ይህቺስ ዋግ የጎበኛት ናት» አሉ። እውነትም ፍሬዋ ሌሊቱን ተዘፍዝፋና ተቀቅላ እንኳ አልፋፋችም፤ ሆዷ ገብቶ፣ ቆዳዋ ተጨማዶ፣ ከሽምብራው መካከል እንደ ባዕድ ትታይ ነበር።

ከፊት ለፊታችን የነበሩት የዘር ነጋዴ «ዘሩ ደክሞ ነው፤ ዘር እንደ ሰው ያረጃል» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ፈለጉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት የግብርና ባለሙያ ግን በትሕትና «ጋሼ፣ ዘሩ አልደከመም፤ የተለወጠው ዋጉ ነው፤ ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ይኸው ነው» አለ። ነጋዴው ያቺን ቃል ሲሰሙ በእጃቸው የያዙትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሱ። «እንግዲህ ከዝንጀሮ መጣችሁ ልትለን ነዋ! አየህ ልጄ፣ ዘር ከልጓም ይስባል። እኔ ሠላሳ ዓመት ዘር ስሸጥ ስንዴ ዘርቶ ገብስ ያጨደ ሰው አላየሁም።»

ማንም ስንዴ ገብስ ሆነ አላላቸውም። አንዳንድ ደንበኞቻቸው ስንዴ ብለው የገዙትን ዘርተው ሲናር አጭደዋል ሲባል በከተማው ይሰማል፤ ያ ግን የዝግመተ ለውጥ ሥራ አልነበረም።

ወጣቱ አልተቆጣም። ዋግ ቅንጣቱ አንድ በአንድ በዓይን የማይታይ ዱቄት የሚበትን ሻጋታ መሆኑን፣ በታመመ ማሳ ውስጥ ያለፈ ሰው ሱሪው ቀይ አፈር የተነሰነሰበት መስሎ የሚወጣው በዚሁ ዱቄት ምክንያት መሆኑን አስረዳ። በስንዴው ግንድ ላይ የምትታየው አንዲት ቁስል በሺዎች የሚቆጠር ዱቄት ትለቃለች፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ነፋስ ወስዶ ሌላ ግንድ ላይ ሲጥለው በሁለት ሳምንት ገደማ የራሱን ቁስል ያወጣል። በዚህ ሁሉ መባዛት ውስጥ ከወላጁ በጥቂቱ የተለየ ቅንጣት አልፎ አልፎ ይወለዳል። አብዛኛው ልዩነት አይረባም፤ አንዳንዱም ይጎዳል። ነገር ግን እልፍ አእላፍ ሲወለድ አንዱ በአጋጣሚ ሌላው ያልቻለውን በር የሚከፍት ቁልፍ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

«ዲጋሉን ያስታውሳሉ?» ሲል ጠየቃቸው። እንዴት አያስታውሱ፤ ሸጠውታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የወጣ የስንዴ ዝርያ ነው። ቢጫ ዋግ በ2010 ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ሲያወድመው ገበሬው ፊቱን ወደ ዲጋሉ አዞረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኡጋንዳ ላይ የተገኘውንና ዓለምን ያስደነገጠውን የግንድ ዋግ እንኳ ዲጋሉ ይቋቋም ስለነበር ከባሌ እስከ አርሲ ማሳው ሁሉ እርሱን መሰለ። ይሁን እንጂ ለግንድ ዋግ የነበረው መከላከያ በዋናነት በአንዲት ዘረመል ላይ የቆመ ነበር። በ2013 ያቺን መከላከያ የሚያልፍ፣ ከኡጋንዳው ዋግ ጋር የቅርብ ዝምድና የሌለው ሌላ የግንድ ዋግ መጣ፤ በአንዳንድ የባሌ ማሳዎችም ምርቱ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጠፋ።

«የዲጋሉ ማሳ ወንፊት ነበር፤» አለ ወጣቱ፤ «ሌላውን ዋግ ሁሉ አስቀርቶ ማለፍ የሚችለውን ብቻ አሳለፈው። ያለፈው ደግሞ ወለደ፤ ልጆቹም ቁልፉን ወረሱ። ዋጉ አላሰበም፣ አልመከረም፤ እያንዳንዱ ቅንጣትም ራሱን አልለወጠም። የተለወጠው ማን ከማን ይልቅ ብዙ ወለደ የሚለው ሒሳብ ነው።»

እኔ በበኩሌ የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለውን ነገር ከዚህ በተሻለ ሲገለጽ ሰምቼ አላውቅም። ነጋዴው ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው «ያው ዋጉ ዋግ ነው፤ ጅብ አልሆነም፤ ዘር ከልጓም ይስባል!» አሉ። ይህችን ተረት በዚያ ምሽት ስድስት ጊዜ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም፤ ተረቷን ግን ድምፃቸውን እያነሡ በተናገሯት ቁጥር ማስረጃዋ የሚጨምር ይመስላቸው ነበር።

ያን ጊዜ ዝም ብለው የቆዩት መምህር ተናገሩ። «ተረቱ ልክ ነው፤ እርስዎ ግን እኩሌታውን ብቻ ነው የሚያነቡት። ዘር ይስባል፤ እውነት ነው። ልጅ ወላጁን ባይመስል ኖሮ ዳርዊንም በ1859 የሚጽፈው ባልነበረው። ታዲያ ልጓሙስ? የፈረስ አርቢ ምን ያደርጋል? ልጓም የሚቀበለውን ይቀልባል፣ ያራባል፤ አፈ ደንዳናውን ጭነት ያሸክመዋል እንጂ ዘር አያስቀርለትም። መቶ ትውልድ ካለፈ በኋላ ዘሩ ራሱ ልጓሙ የመረጠው ዘር ነው። ዳርዊንም ነገሩን የጀመረው ከቤት እንስሳትና ከርግብ አርቢዎች ነው። በዱር ጋላቢ የለም፤ ልጓሙን የሚይዘው ድርቅ ነው፣ ብርድ ነው፣ በሽታ ነው።»

ድንኳኑ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ነጋዴው መልስ ሲያጡ ወደ ወጣቱ ዞረው «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ? አገርህስ የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ከዋግም ከስንዴም ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ሁላችንም ግን ለምን እንደተጠየቀ ገብቶናል። ወጣቱ የአባቱንና የአያቱን ስም ተናግሮ ቆመ። ነጋዴው የራሳቸውን ሰባት ቤት በአንድ ትንፋሽ ዘለቁት። መምህሩም በእርጋታ «ይቀጥሉ እንጂ» አሏቸው። «አንድ ትውልድ ሃያ ዓመት ብንለው፣ አፋር ላይ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ከኖረችበት ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እስካለው ዘመን ብቻ 160,000 ትውልድ ይሆናል። እርስዎ ሰባቱን ቆጥረዋል። የቀሩት 159,993ቱ ናቸው። ጭላዳን ከእኛ ጋር የሚያዛምደው አያት ደግሞ ከዚያም እጅግ ይርቃል፤ እርሱ ጭላዳም ሰውም አልነበረም፤ ስለዚህ ከዝንጀሮ መጣችሁ ብሎ የሰደብዎ የለም።» ሰው ሳቀ፤ በለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ።

እኔን ያሳዘነኝ የነጋዴው አለማወቅ አይደለም፤ ያልተማሩትን ባያውቁ ማን ይፈርድባቸዋል? ያሳዘነኝ ይህች እኩሌታ ተረት የዘመናችን ሰው ሁሉ መመዘኛ መሆኗ ነው። ስንዴ ሲቃጠል ዘሩ ደከመ፤ ልጅ ፈተና ሲወድቅ የአባቱ ዘር ነው፤ ሹም ሲሰርቅ ድሮስ የእነ እገሌ ወገን አይደል ይባላል። ልጓሙን ማን እንደያዘው፣ ማሳው ምን ዓይነት ወንፊት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ትኩሳት ሲይዘን የታዘዘልንን ፀረ ተሕዋስያን ሦስት ቀን ውጠን፣ ሻል ሲለን የተረፈውን ለሚቀጥለው ሕመም በመሳቢያ እናስቀምጣለን፤ ጎረቤት ሲታመምም ሳይመረመር እናካፍለዋለን። በዚህም ደካማውን ተሕዋስ ገድለን ብርቱውን እናራባለን፤ በኋላ መድኃኒቱ አልሠራ ሲል «የዛሬ መድኃኒት ውሸት ነው» እንላለን። ልጆቻችንም የተፈጥሮ ምርጫን ትርጉም በባዕድ ቋንቋ ሸምድደው፣ ከአራቱ ፊደል አንዱን አክብበው ይወጣሉ። የእኅቴን ልጅ ዲጋሉ ለምን ተቃጠለ ብዬ ብጠይቀው «እሱ ግብርና ነው፣ ባዮሎጂ ላይ አይመጣም» አለኝ፤ ያደገው ግን ቤታቸው ከስንዴ ማሳ ጋር በአጥር በሚዋሰንበት ቦታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በነጋዴው መደብር በኩል ሳልፍ ከበሩ በተደገፈ ጆንያ ላይ በከሰል «ዋግ የማይደፍረው ዘር» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ሁለት ገበሬዎች እፍኝ እፍኝ ዘግነው በዋጋው ይከራከሩ ነበር።