ፔንድል ሂል፦ አንድ ጉብታ፣ ሦስት ጊዜ «ኮረብታ»

ስለ እንግሊዝ የኮረብታ ስሞች አመጣጥ የተጻፈውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ስሞቹን በሙሉ ለአንግሎ ሳክሶኖች፣ ማለትም የጥንቱን እንግሊዝኛ ይዘው ለመጡት ሕዝቦች፣ መስጠቱ አልተዋጠልኝም። ሰሜን ምዕራብ፣ ሌክ ዲስትሪክት ብትሄዱ ተራራው «ፌል» ነው የሚባለው። ይህ ከቫይኪንጎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ኖርዌዮች ዛሬም ተራራን «ፍዬል» ይሉታል። 978 ሜትር ከፍታ ያለው የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ፣ ስካፌል ፓይክ፣ ስሙ ውስጥ ይዞታል።

እኔን የሚያስቀኝ ግን ላንካሸር ያለው ፔንድል ሂል ነው። መጀመሪያ ከሳክሶኖች በፊት አገሩ ላይ የነበሩት ብሪቶኖች «ፔን» አሉት፤ ራስ፣ ጫፍ ማለት ነው። የዌልስ ሰዎች በቋንቋቸው አሁንም ይጠቀሙበታል። ከዚያ ሳክሶኖቹ መጡና የቦታ ስም መስሏቸው የራሳቸውን «ሂል»፣ ኮረብታ ማለት ነው፣ ቀጠሉበት። ሁለቱ በአፍ ተላምጠው «ፔንድል» ሆኑ። ትርጉሙ ጭራሽ ሲረሳ ደግሞ ሌላ «ሂል» ተለጠፈበት! ዉስተርሸር ያለው ብሬዶን ሂልም ያው ታሪክ ነው።

ወደ ደቡብ ስንወርድ «ዳውን» አለ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፣ ቃሉ የጥንቱ እንግሊዝኛ «ዱን» ነው፤ ኮረብታ ማለት ነው። ዛሬ «ወደ ታች» የሚሉት «ዳውን» ራሱ «ከኮረብታው» ከሚለው አነጋገር የወጣ ነው። በደቡብ ምዕራብ፣ ዳርትሙር ላይ ኮረብታ ጫፍ ላይ ለቆመ ቋጥኝ የሚሉት «ቶር» መዘለሉ ግን ቅር ብሎኛል።