በዶጎኖች ኮከብ ላይ የተጻፈው ዘመን

አሜሪካዊው ጸሐፊ ሮበርት ቴምፕል በ1976 «የሲሪየስ ምስጢር» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማሊ፣ በባንዲያጋራ ገደል ዙሪያ የሚኖሩት ዶጎኖች፣ በሌሊቱ ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ የምትደምቀው ሲሪየስ የማይታይ ተጓዳኝ ኮከብ እንዳላት፣ እርሱም በ50 ዓመት አንዴ እንደሚዞርና እጅግ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ ይላል። ቴሌስኮፕ ያልነበረው ሕዝብ ይህን ከየት አመጣው? ቴምፕል እንደሚለው፣ ከሲሪየስ የመጡ በውሃም በየብስም የሚኖሩ ፍጡራን ከሺህ ዓመታት በፊት ለሰዎች አስተማሩት፤ በግብፅ በኩልም ዶጎኖች ዘንድ ደረሰ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ተጓዳኙን በባዶ ዓይን ማየት አይቻልም። የከዋክብት የድምቀት ቁጥር ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል፤ ዓይናችን እስከ 6 ገደማ ያያል፣ የዚህ ኮከብ ቁጥር ግን 8.4 ነው። ቢደምቅም ኖሮ አይለይም። ከሲሪየስ ርቆ የሚታየው ከ3 እስከ 11 የቅስት ሰከንድ ብቻ ሲሆን (አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ ነው)፣ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለመለየት 60 ያህል ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሲሪየስ ወደ 10,000 እጥፍ ስለምትደምቅ ብርሃኗ ይውጠዋል። ፍሬድሪክ ቤሰል በ1844 ሲሪየስ ስትጓዝ ወዲያና ወዲህ እንደምትል አስተውሎ ተጓዳኝ እንዳላት ደመደመ፤ አልቫን ግራሃም ክላርክ በ1862 ያየው ግን 47 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሌንስ ነው።

እኔ የማልቀበለው መልሱን ነው። የጥንት ቅጂዎችን የሚያመሳክር ሰው፣ አንዱ ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚያውቀው በጋራ ስሕተታቸው ነው፤ ትክክለኛው ንባብ በሁሉም ዘንድ ስላለ ምንጩን አይናገርም። ዕውቀትም እንዲሁ ነው። የዶጎኖች ነው የተባለው ዕውቀት ለጁፒተር አራት ጨረቃዎችን፣ ለሳተርን ቀለበትን ይቆጥራል። አራቱ ጋሊሌዮ በ1610 ያያቸው፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታዩት ናቸው፤ አምስተኛዋ በ1892 ተገኘች፣ ዛሬ የጁፒተር ጨረቃዎች በአሥሮች ይቆጠራሉ። በ1977 የታወቀው የዩራነስ ቀለበትም ሆነ በ1979 የታወቀው የጁፒተር ቀለበት በዚያ ዕውቀት ውስጥ የለም። ከሌላ ኮከብ የመጣ መምህር ይህን ሁሉ እንዴት ይስታል?

ከሁሉ የሚያሳምነኝ በዚያው ዕውቀት ውስጥ ከሲሪየስና ከተጓዳኙ ጋር የሚቆጠረው፣ «ኤሜ ያ» የተባለው ሦስተኛ ኮከብ ነው። በ1920ዎቹ ጥቂት የሥነ ፈለክ ታዛቢዎች በሲሪየስ አጠገብ ሦስተኛ ኮከብ ያየን ይመስለናል ብለው ነበር፤ ኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲፈለግ አልተገኘም። ዋልተር አዳምስ በ1915 የተጓዳኙን ብርሃን በትኖ ከመረመረ በኋላ፣ ኮከቡ መጠኑ የምድርን፣ ክብደቱ የፀሐይን ያህል መሆኑ የታወቀውም በእነዚያው ዓመታት ነው። እውነቱም ስሕተቱም አንድ ዘመን ይጠቁማሉ።

ታሪኩን ለዓለም ያቀረቡት ፈረንሳውያኑ አንትሮፖሎጂስቶች ማርሴል ግሪዮልና ዠርመን ዲዬተርለን በ1950 ነው። ግሪዮል ዶጎኖች ዘንድ መጀመሪያ የደረሰው በ1931፣ ጎንደርን ጭምር ባካተተው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ነበር። ሁለቱም ዕውቀቱ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ አላነሡም። ኔዘርላንዳዊው አንትሮፖሎጂስት ዋልተር ቫን ቤክ ለዓመታት ዶጎኖችን አጥንቶ በ1991 እንደጻፈው ግን፣ ሲሪየስ ጥንድ መሆኗን የሚያውቅ አላገኘም። ግሪዮል የሲሪየስ ስም ነው ያለው «ሲጉ ቶሎ» የትኛው ኮከብ እንደሆነ ሰዎቹ አልተስማሙም፤ አንዳንዱ የማይታይ ነው አለ፣ ሌላው ቬነስ ናት አለ። የተስማሙት ስለ ኮከቡ ከግሪዮል መስማታቸውን ነው። ይህ ግሪዮልን አጭበርባሪ አያደርገውም። አዋቂ እንግዳ ደጋግሞ ሲጠይቅ ጥያቄው ራሱ መልስ ያቀብላል፤ ይህ በመስክ ጥናት የተለመደ ጉድለት ነው።

የሚያሳዝነኝ በዚህ መሐል የዶጎኖች የራሳቸው ሐሳብ መሸፈኑ ነው። ለተጓዳኙ የተሰጠው «ፖ ቶሎ» የፎኒዮ ኮከብ ማለት ነው፤ ፎኒዮ ደቃቅ የእህል ዘር ነው፣ በሥነ ፍጥረት ትረካቸውም ፍጥረት የሚጀምረው ከዚህ ትንሽ ነገር ነው። ሲጊ የተባለው ታላቅ በዓላቸውም በ60 ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው፤ ከኮከቡ የ50 ዓመት ዑደት ጋር አይገጥምም። የመጨረሻው በ1967 ስለጀመረ ቀጣዩ በ2027 ይጠበቃል። ያኔ ስለ ሰማይ የሚጠይቅ አጥኚ የኮከቡን ስም ቀድሞ አይጥራ። ተናጋሪዎቹን ለየብቻ፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ያነጋግር፤ ኮከቡን በጣታቸው ያሳዩት፤ የራሱን ጥያቄም ከመልሱ ጋር ቃል በቃል ይመዝግብ።