የሚሌኒየም አዳራሹ ዓመት በአማርኛም ይጻፍ

ኮሮና ምን እንደወሰደብን ብዙ ተብሏል። በዚያው ወቅት ምን እንደተሠራ ግን ሲነገር የምሰማው ጥቂት ነው። ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅን ነው። አብዛኞቻችን «ጳውሎስ» ብለን የምንጠራውን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ። ግንቦት መገባደጃ ላይ ደግሞ ኮንሰርትና ባዛር የምናውቅበት ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘርግቶበት ታማሚ መቀበል ጀመረ። የተሰናዳው እስከ 1,000 ሰው እንዲይዝ ነበር። ኃላፊነቱ የጳውሎስ ሆነ።

የሆስፒታሎቻችንን አሠራር የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እኛ አገር ታማሚ ብቻውን አይተኛም። አስታማሚ አለው። የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጥለት፣ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር የሚያድርለት የገዛ ወገኑ ነው። ኮቪድ ይህን ሁሉ ከለከለ። አስታማሚው በር ላይ ቀረ። እናም ያ ሥራ በሙሉ ነርሶቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ትከሻ ላይ ወደቀ። እነሱ ደግሞ ከራስ እስከ እግር በመከላከያ ልብስ ተሸፍነዋል። ልብሱ ሳይወልቅ ውኃ መጠጣት፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ አይቻልም። ሕክምናው ብቻውን ከባድ ነው፤ እነሱ ግን የሰው እናትና የሰው ልጅም ሆነው ሠርተዋል። እኔ የኮሌጁ ትልቁ ስኬት የምለው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ስኬት ብዙም አይታወቅም። በአዳራሹ የሠሩት ሐኪሞች ማከም ብቻ ሳይሆን መዝግበዋል። ማን እንደጠናበት፣ ማን ቶሎ እንዳገገመ፣ ዕድሜ፣ ስኳርና የደም ግፊት ምን እንዳመጡ አጥንተው በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች አሳትመዋል። ወረርሽኙ ሲጀምር የምናነበው ሁሉ ስለ ቻይናና ስለ ጣሊያን ታማሚዎች ነበር። በኋላ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከታከሙ ሰዎች የተገኘ የራሳችን ዕውቀት ኖረን። በዚያ ጥድፊያ መሃል ቁጭ ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም።

2013 የማገገሚያ ዓመት ይባል እንጂ እፎይታ አልነበረም። ተማሪዎች በየተራ ወደ ግቢ ተመለሱ። ሕክምና ደግሞ በቴሌግራም በሚላክ ጽሑፍ ብቻ የሚማሩት ሙያ አይደለም፤ ታማሚው አጠገብ መቆም ይጠይቃል። በዚያ ላይ በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሳምንታት ቆይቶ ነበር። ያመለጠው ትምህርት መካካስ ነበረበት። ልክ ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ማለትም የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ ወረርሽኙ እንደገና አገርሽቶ ነበር። የጽኑ ሕሙማን አልጋና ኦክስጅን የጭንቅ ጉዳይ ሆኑ።

ሌላውም በሽታ ቢሆን ኮቪድ መጣ ብሎ አልጠበቀም። ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ነበር። ጉለሌ ያለው ዋናው ሆስፒታል በሩን ዘግቶ ሁሉንም ሰው ወደ አዳራሹ ሊልክ አይችልም ነበር። እዚያ የቀሩት ሠራተኞች ካሜራ አልዞረባቸውም። የእነሱ ድርሻ ከአዳራሹ ሥራ እኩል መቆጠር አለበት ብዬ አምናለሁ።

«የጤና ባለሙያው ደመወዝ ወር ሳያደርሰው ስለ ስኬት ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው እውነት ነው። በ2017 ግንቦት ባለሙያዎቹ ስለ ክፍያ አደባባይ ያወጡት ጥያቄ ከዚያ ዘመን ድካም ተነጥሎ አይታይም። ግን ሥራው በደንብ ካልተነገረ ጥያቄውም አቅም ያጣል። ሰው ምን እንደተሠራለት ሳያውቅ ለሠሪው አይሟገትም።

ስለዚህ ኮሌጁን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ጥናቶቹ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት። በአዳራሹ የታከመው ሰው፣ በር ላይ የቀረው አስታማሚ አያነባቸውም። የዚያ ዓመት ታሪክ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ይታተም። ከፕሮፌሰሩ እስከ ልብስ አጣቢዋ የሠሩት ሰዎች ፈቃዳቸው ተጠይቆ ስማቸው ይግባበት። በሥራ ላይ እያሉ ሕይወታቸው ያለፈም ካሉ ቤተሰቦቻቸው ይጠየቁ። አዲስ የሚገቡት የሕክምና ተማሪዎችም በመጀመሪያው ዓመታቸው ያንብቡት። ሰዎቹ ገና በሥራ ላይ ናቸው፤ መዝገቡም አለ። ሳይበታተን አሁን ይጀመር።