ደብዳቤ ሳይሆን ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አሜሪካ ሉዊቪል ላይ ስለወደቀው የዩፒኤስ ኩባንያ ኤምዲ-11 የጭነት አውሮፕላን ካወጣው መረጃ ውስጥ አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ለኤምዲ-11 ባለቤቶች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሞተሩን የተሸከመው ፓይለን ከክንፉ ጋር በሚገናኝበት የኋላ ማያያዣ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ በሦስት አውሮፕላኖች ላይ አራት ጊዜ መሰበሩን ይገልጽና፣ ይህ የበረራን ደኅንነት አያሰጋም ይላል።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በዩፒኤሱ አውሮፕላን ላይ ያ ማያያዣ ተበጠሰ። የግራው ሞተር ከነፓይለኑ ወደቀ፤ ሦስቱም የበረራ ሠራተኞችና መሬት ላይ የነበሩ ከ10 በላይ ሰዎች አለቁ።

አሁን የሚሰማው መከላከያ «የጥልቅ ምርመራው ጊዜ አልደረሰም ነበር፤ ደንብ የጣሰ የለም» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ራሱን መርሐ ግብሩን እየከሰሱት መሆኑን ልብ አላሉም። ምርመራው የሚታዘዘው ከ29 ሺህ በላይ በረራ ሲሞላ ነው፤ አውሮፕላኑ ገና 21 ሺህ ገደማ ነበር። ያ ቁጥር ከየት መጣ? ሁሉም ክፍል ጭነቱን በታሰበለት መንገድ ይሸከማል ተብሎ ከተሠራ ስሌት። የመጀመሪያው ኩሽኔታ በተሰበረ ዕለት ስሌቱ ፈርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን አምኖ መብረር ቁማር ነው። መርማሪዎቹ የድካም ስንጥቅ (ጭነት ሲደጋገምበት ብረት ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ) ያገኙት ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቀዳዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ደብዳቤው የመከረው በዓይን ማየትን! ኩሽኔታው ሳይወጣ የማን ዓይን ነው እዚያ የሚደርሰው? ቴክኒሻኑ ባትሪ አብርቶ ቢንበረከክ የሚያየው ቀለምና ግሪስ ነው። ኤዲ ከረንት በሚባለው የኤሌክትሪክ ምርመራ ግን መመርመሪያው በብረቱ ገጽ ላይ የሚፈጥረው ጅረት ስንጥቅ ሲያጋጥመው ይዛባል፣ መሣሪያውም ያሳያል። ለዚህ ማያያዣው መፈታት፣ አውሮፕላኑም መቆም አለበት። የቆመ የጭነት አውሮፕላን ገቢ አያስገባም፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ምርመራው ስንጥቁን በርግጥ ይይዘው ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ግን ዕድሉ እንኳ አልተሰጠውም።

የአምራች ማረጋገጫ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከኢንዶኔዥያው የላየን ኤር አደጋ በኋላም የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ደኅና ነው ተብሎ ነበር፤ ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ነፍስ ተከፈለበት። የኤምዲ-11 አባት ዲሲ-10ም እ.ኤ.አ. በ1979 ቺካጎ ላይ የግራ ሞተሩን ከነፓይለኑ ጥሎ 273 ሰው ጨርሷል። የዚያኛው መነሻ የጥገና ስህተት ነበር፤ ፓይለን ከክንፍ ሲለይ ምን እንደሚከተል ግን ያኔ ታይቷል።

የአምራች ደብዳቤ አያስገድድም፤ የሚያስገድደው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ትእዛዝ ነው። እሱ አውሮፕላኖቹን ያገደው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። አሁን በሌሎች ሞዴሎች ላይ የተጻፉ «አያሰጋም» የሚሉ ደብዳቤዎችን አውጥቶ ይመርምር፤ ክንፍንና ማያያዣዎቹን የሚነኩትን በሙሉ ወደ አስገዳጅ የኤዲ ከረንት ወይም የአልትራሳውንድ ምርመራ ይቀይራቸው።